ያልሰመረው ስለቴ

ሰሞኑን ከገንዳ ውሃ ገበያ ስመለስ የባጃጁ ሹፌር በመስታወቱ ሰርቆ ሲያየኝ፣ ሲያየኝ ቆየና «ፋዘር፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት? ኔትወርክ እኮ ከጠዋት ጀምሮ የለም» አለኝ። ጆሮዬ ላይ የሆነ ነገር የሰካሁ መስሎት ነው። እኔ ጆሮዬ ላይ የምሰካው ነገር ቢኖር ጥጥ ነው፤ እሱንም ሐኪም አዞኝ።

«ከድሮ ወዳጄ ጋር ነው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ በየጉድጓዱ ቀስ እያለ ያልፍልኝ ጀመር። ለሽማግሌ አዝኖ እንዳይመስላችሁ፤ ለዕብድ ነው። አልፈረድኩበትም። እኔም በሱ ዕድሜ ሳለሁ ብቻውን የሚያወራ ሰው አግኝቼ፣ ፀሐይ መታችው ብዬ ነበር።

ያን ጊዜ ከኮኪት ወጣ ብሎ አባቴ ቆርሶ የሰጠኝ መሬት ላይ የመጀመሪያ ሰሊጤን ዘርቻለሁ። በላይነሽ የምትባል ልጅም ልቤን ይዛዋለች። ሽማግሌ ብልክ አባቷ በደንብ አብልተው አጠጥተው፣ «ልጁ ክፉ አይደለም፤ አፉ ይበዛል እንጂ። እስቲ ሰሊጡን ያስገባና እናያለን» ብለው መለሷቸው። ስለዚህ ያ ሰሊጥ ለእኔ ሰሊጥ አልነበረም፤ በላይነሽ ነበረች።

ሰሊጥ ደግሞ ከልጃገረድ አባት ባልተናነሰ ኩሩ ነው። ትንሽ ከዘገያችሁበት ፍሬውን መሬት ላይ አራግፎ ባዶ አገዳ ያስታቅፋችኋል። ስለዚህ ዛላው ሳይከፈት ታጭዶ ይታሰርና ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይቆማል፤ ሂላ እንለዋለን። ሂላው ሲደርቅ ነዶው ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። ሂላ ላይ እያለ ዝናብ ከመጣ ግን አለቀ፤ ግማሹ ይረግፋል፣ ግማሹ ይጠቁራል።

ለአጨዳው ከጋይንት በኩል አያ ሞላ የሚባሉ ሰው መጥተውልኝ ነበር። በየዓመቱ ለሰሊጥ ወደ ቆላ የሚወርዱ፣ ቀጭን፣ ጎንበስ ካሉ ቀና የማይሉ ሰው ናቸው። ማጭዳቸው ሲሄድ አፋቸውም አብሮ ይሄዳል። እንጉርጉሮ አይደለም፤ ወሬ ነው። «ዛሬስ ወገቤን ያዝ አድርጎኛል» ሲሉ ለእኔ መስሎኝ፣

«አረፍ ይበሉ እንጂ አያ ሞላ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «አንተን ማን አናገረህ?»

«ታዲያ ከማን ጋር ነው የሚያወሩ?»

«ከጌታዬ ጋር።»

ዙሪያውን አየሁ። ከሰሊጥና ከሰማይ በቀር ምንም የለም። ሙቀቱ ዋልካው አፈር ላይ እንደ ውሃ ይንቀጠቀጣል። ሮጥ ብዬ ከጎጆው ከርከዴ ቀድቼ አመጣሁላቸው። መርቀውኝ ጠጡና ወደ ማጭዳቸው ተመለሱ። ትንሽ ቆይቼ ስሰማ፣ «ደግ ልጅ ነው፤ ስኳር ግን ያበዛል» ይላሉ። ለፈጣሪ ከሰሱኝ!

እኔም እኮ ክርስቲያን ነኝ። ማተቤ አንገቴ ላይ ነው፣ ረቡዕና አርብ እጾማለሁ፣ ቅዳሴ ላይ ሲነሱ እነሳለሁ። ግን ፈጣሪን የማስታውሰው እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ነበር፤ ጉዳይ ሲኖረኝ። ስሄድም ባዶ እጄን አልሄድም፤ ስለት እሳላለሁ።

ጥቅምት ውስጥ፣ ሰሊጡ ሂላ ላይ ቆሞ ሊራገፍ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ቀን ከሰዓት በጓንግ ወንዝ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ወዲያው ለሚካኤል ጧፍ ተሳልኩ። ደመናው ከጧፍ በላይ ነበር፤ ቀረበ። ጥላ ተሳልኩ። ነፋሱ ተነሳ፤ ጥላውን ባለ ወርቅ ዘርፍ አደረግኩት። ነጎድጓድ ሲሰማ መጋረጃ ጨመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች አፍንጫዬን ሲነኩኝ፣ እናቱ እንኳ ያልተወለደች ወይፈን ተስዬ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ጨረታ ላይ ነህ?» አሉኝ አያ ሞላ።

«ዝናቡ መጣ እኮ አያ ሞላ! አላዩትም?»

«አየሁት። እሱም አይቶታል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«መጀመሪያ ያንን ሸራ በዚያ በኩል ያዝ!»

አንድ ሸራ ነበረችን። ቅርብ ያለውን ሂላ አልብሰን ጠርዟ ስር ተጠጋግተን ተቀመጥን። ዝናቡ እንደ ሐምሌ ወረደ። ሌላው ሰሊጤ፣ ማለትም አብዛኛው በላይነሽ፣ ፊት ለፊቴ ይደበደባል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ?» አሉኝ አያ ሞላ። «ምንም ሳትፈልግ፣ እንዲያው ሰላም ብለኸው ታውቃለህ?»

«ፈጣሪን? ምን ብዬ? እንዴት ዋልክ ልበለው? ምን ይሆናል እሱ?»

«አንተ እንዴት እንደዋልክ ንገረው።»

አፈርኩ። ጀርባዬን ሰጠኋቸውና «ጌታዬ» አልኩ። ቀጥሎ የሚባለው ጠፋኝ። ወሬ ጠፍቶኝ ሲያውቅ የመጀመሪያዬ ነው። ቢቸግረኝ አቡነ ዘበሰማያትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አደረስኩ።

አያ ሞላ አሜን ብለው ጠበቁ። «እህስ?»

«እህስ ምን?»

«ይሄ እሱ ያስተማረን ነው፤ ጥሩ አድርገሃል። አሁን ያንተን።»

«ፈርቻለሁ» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመኝ! ስለ ሰሊጡ፣ ስለ በላይነሽ፣ አባቷን ሳይ መንገድ እንደምቀይር፣ ሌላ ሰው ቀድሞ ሽማግሌ ይልካል ብዬ እንቅልፍ እንዳጣሁ፤ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኩት። ዝናቡን አቁምልኝ ማለትን ግን ረሳሁት። ዋናውን ጉዳይ! ጨርሼ ቀና ስል ዝናቡ እንደ ፊቱ ነው። ደረቴ ግን ቀሎኛል። ራበኝም። አያ ሞላ ከጨርቃቸው የማሽላ እንጀራ አወጡ፤ ያለ ወጥ፣ ሚጥሚጣ ነስንሰን በላን። እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ ብዙ አይደለም።

በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ሸራው የሸፈነው ብቻ ነጭ ሆኖ ተገኘ። ሌላው ጠቁሯል፤ መሬቱ ፍሬ ለብሷል። የበላይነሽ አባት በዚያ ሲያልፉ ከነዶው ዛላ ቀጥፈው መዳፋቸው ላይ አሹት። ወደ ፍሬው አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፣ «አይዞህ» ብለው ሄዱ። አይዞህ ከማለት የባሰ ነገር አልሰማሁም።

ለህዳር ሚካኤል፣ ከተረፈችው ሰሊጥ ላይ ሸጬ መተማ ዮሐንስ ገበያ ወርጄ ጥላ ገዛሁ። ዘርፍ የላትም፤ ጥላ ግን ናት። ይዤ ስቀርብ ቄሱ ለምዕመኑ ሊያስታውቁ ጠጋ አሉኝ።

«ምን ሰምሮልህ ነው?»

«ዝናብ እንዳይዘንብ ተስዬ ነበር አባ።»

ቄሱም ሰሊጥ አላቸው። «ዘንቧል እኮ!»

«አዎ፣ ዘንቧል።»

«ታዲያ ካልሰመረ ምን አስገደደህ?»

«ምንም አላስገደደኝም። እንዲሁ ነው፤ ሰላም ልለው ብዬ።»

ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው «ይህ ወንድማችን… ስለቱ… ያልሰመረለት…» ብለው ቃል አጠራቸው። ግቢው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። በሳቁ መሃል ከሴቶቹ በኩል አንዲት ቀጭን እልልታ ተነሳች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ማን እንደጀመረችው እኔ አውቃለሁ። በላይነሽ ግን እስከ ዛሬ ትክዳለች።

አባቷ በዚያው ቀን ልጃቸውን ሰጡኝ ብዬ ብጽፍ ያምርልኝ ነበር። አልሰጡኝም። ሌላ ክረምትና ሌላ ሰሊጥ አስጠበቁኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ታዲያ የማወራው ሰው አላጣሁም። ሰርጌ ላይ አያ ሞላ ጥግ ይዘው ከርከዴ ይጠጡ ነበር፤ «አሁንም ስኳር በዝቶበታል» ሲሉ ሰማኋቸው። ለማን እንደሚናገሩ አልጠየቅኳቸውም።

ባጃጁ ደጄ ሲደርስ ልጁ ዘንቢሌን አወረደልኝና፣ «ፋዘር፣ ወዳጅዎን ሰላም ይበሉልኝ» አለኝ። እየቀለደብኝ ነው። እሺ አልኩት።

በጓንግ በኩል ደመና ቆሟል፤ ሰሊጤም ሂላ ላይ ነው። ያረጀ አመል አይለቅምና ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ ምላሴ ላይ መጣች፤ ዋጥኳት። «ያ የባጃጅ ልጅ ሰላም ብሎሃል» አልኩ። ቅድም የት ላይ እንዳቆምን ግን ፈጽሞ ጠፋኝ፤ እርጅና ነው። ግድ የለም ብዬ ከወገቤ ሕመም ጀመርኩለት።