አባቴና ቁልፍ የሌለው ማጫወቻ

አባቴ ዓይኑ ቀስ በቀስ ጨልሞበት መንዳት ካቆመ ወዲህ ቀኑን የሚገፋው በአንዲት ትንሽ የሙዚቃ ማጫወቻ ነበር። የክብሪት ቀፎ የምታህል ኤምፒስሪ ናት፤ ስክሪን የላትም። ያሏት ሦስት ቁልፎች ናቸው፤ አንዱ ያስነሳል፣ አንዱ ወደፊት፣ አንዱ ወደኋላ ይወስዳል። አያት ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ካለው ቤታችን ደጃፍ ወንበሩን ያወጣና፣ በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠላትን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ በሹፌርነት ዘመኑ የለመዳቸውን ዘፈኖች ይሰማል። የትኛው ዘፈን ከየትኛው በኋላ እንደሚመጣ ያውቃል። አንዱ ሊያልቅ ሲል የሚቀጥለውን ማንጎራጎር ይጀምራል።

አንድ ጠዋት ዝም አለች። ጠጋኝ ጋ ወሰድኳት፤ ከፍቶ አያትና፣ «ባትሪዋ አብጧል፤ የዚህች ባትሪ ደግሞ ድሮ ቀርቷል» አለኝ።

መሥሪያ ቤቴ ኦሎምፒያ አካባቢ ስለሆነ በምሳ ሰዓት ወደ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ጎራ አልኩ። ዘፈን ብቻ የሚያጫውት፣ ቁልፍ ያለው ፈልጌ እንደሆነ ለሻጩ ነገርኩት። ፈገግ አለ።

«እህቴ፣ አሁን እንደሱ ዓይነት ማን ይጠይቃል? ይሄን እይው። ታች ስክሪን ነው፣ ሬዲዮ አለው፣ ብሉቱዝ አለው፣ ድምፅ ይቀዳል፣ ፎቶ ያሳያል።»

«የምገዛው ለአባቴ ነው። ዓይኑ አያይም።»

«ሬዲዮ አይሰማም?»

«ይሰማል።»

«ታዲያ ቢኖረው ምን ይጎዳዋል?»

እውነትም ምን ይጎዳዋል? ገዛሁት።

አባቴ ተቀብሎኝ ዙሪያውን ዳበሰው። ደጋግሞ አገላበጠው።

«ፊቱ የት ጋ ነው?»

«ይሄ ለስላሳው ሁሉ ፊቱ ነው፣ አባዬ።»

«እኔ ደግሞ ጀርባው መስሎኝ ነበር» አለ።

ጣቱን ይዤ አስተማርኩት፤ ወደ ቀኝ ስትስብ ይሄ ይሆናል፣ ሁለቴ ስትነካ ያ ይሆናል። ጣቱ ባረፈ ቁጥር ግን ሌላ ነገር ይመጣል። ዘፈን ሲፈልግ የሬዲዮ ማስታወቂያ ይለቅበታል፤ ማስታወቂያውን ሊያጠፋ ሲል ጭራሽ ድምፁ ይጠፋል። ከጥቂት ቀን በኋላ እንዴት እንደሆነለት ስጠይቀው «ጥሩ ነው» አለኝ። ማጫወቻው ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር፤ እሱ ደጃፉ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ቅር እንዳይለኝ ብሎ እንደሆነ ገባኝ። ሻጩ ጋ ደወልኩና ቁልፍ ያለው ካገኘ ሊቀይርልኝ ተስማማን።

ማጫወቻውን ከመመለሴ በፊት የጫንኩበትን ዘፈን ላጠፋ ስከፍተው፣ እኔ ያልጫንኩት አንድ ረጅም ነገር አገኘሁ። ነካሁት። መጀመሪያ የጨርቅ መሻሸት፣ ከዚያ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ ከዚያ የአባቴና የአክስቴ ድምፅ። አክስቴ የአባቴ ታላቅ ናት፤ ጎሮ ነው የምትኖረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልትጠይቀው ትመጣለች። አባቴ ዘፈኑን ሲፈልግ መቅጃውን ነክቶት ኖሯል።

ሁለቱ ለብቻቸው ሲሆኑ የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው። አሁን ፎቆቹ የቆሙበት ሜዳ የቤተሰባቸው እርሻና ግጦሽ ነበር። አባቴ በልጅነቱ ትቶት ሄዶ፣ ስንት አገር ነድቶ ሲያበቃ የኮንዶሚኒየሙ ዕጣ መልሶ እዚያው ጣለው። እኔ ከተማ መሃል በአማርኛ ያደግኩ ነኝ፤ ኦሮምኛ ግማሹን እሰማለሁ፣ ግማሹ ያመልጠኛል። ቢሻን ሲሉ ሰማሁ፤ ውሃ ማለት ነው። ከብቶቹ ይጠጡበት የነበረው ምንጭ የት እንደነበር እየተከራከሩ ነው። እሱ እኛ ሕንፃ ሥር ነው ይላል፣ እሷ አስፋልቱ ሥር ነው ትላለች። ከዚያ እሷ አንድ ዜማ ጀመረች፤ እሱ ተቀበላት። መሃሉ ላይ ሁለቱም ጠፋባቸውና ሳቁ። አባቴ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

ይዤለት ሄጄ አሰማሁት። አልተንቀሳቀሰም። ሲያልቅ «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩለት።

«ይሄ ነገር እንዲህም ያደርጋል?»

«ያደርጋል።»

«እንግዲያው አትመልሺው።»

«ዘፈንህን ግን ልትሰማበት አልቻልክም እኮ።»

«አልቻልኩም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ቁልፍ ኖሮት የሚቀዳ የለም?»

እኔ ምን አውቄ። በሳምንቱ እሱንም አክስቴንም ይዤ ሱቁ ሄድኩ። ሻጩ ለአባቴ ወንበር ሰጠው። አባቴ የሚፈልገውን አስረዳ፤ እንደ ድሮዋ ሆና መቅጃ ብቻ ይጨመርባት። አክስቴ ቀበል አድርጋ፣ ካልቀረ ሬዲዮ ቢኖራት አይከፋም አለች። እኔም ሳላስበው፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል በድምፅ የሚናገር ቢሆን አልኩ።

«የሦስታችሁን ስደምረው መጀመሪያ የሸጥኩላችሁ እሱን ነው» አለ ሻጩ።

«እሱ ቁልፍ የለውም» አለ አባቴ።

«ይሄን ሁሉ በቁልፍ ካደረግነው ስንት ቁልፍ ሊሆን ነው፣ አባባ?»

አባቴ ትንሽ አሰበ። «አራት» አለ።

ባለ አራት ቁልፍ አልነበረም። የነበረው እንደ ድሮዋ ያለች፣ ዘፈን ብቻ የምታጫውት ናት። ባንኮኒው አጠገብ አንዷን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጄ ይዤ ቆምኩ። ሻጩ ልክ ነው፤ አባቴም ልክ ነው። የራሴ ስልክ የሌለው ነገር የለም፤ ግን አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው የሰማሁበትን ቀን አላስታውስም፤ መሃል ላይ መልእክት ይገባል፣ እሱን ሳይ ዘፈኑ ያልፋል። ይህን እያወቅኩ ነገ ሌላ ስልክ ብገዛ የምመርጠው ብዙ ነገር ያለውን ነው። ለምን እንደሆነ ብጠየቅ አላውቅም።

በመጨረሻ አልቀየርኩም፤ ትንሿን ጨምሬ ገዛሁ። እሷ አባቴ አንገት ላይ ሆነች። ትልቁን አክስቴ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ለመቅዳት ቀይዋን ክብ፣ ለማቆም ነጯን እንድትነካ አሳየኋት።

ነገሩ የተፈታ መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ አክስቴ መጣች፣ መሃላቸው ባለው በርጩማ ላይ ማጫወቻውን አስቀምጣ ቀይዋን ነካች። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሽቅብ ቀና አለ፣ ስብሰባ ላይ እንደሚናገር ሰው ስለ አባቱ መሬት ማውራት ጀመረ። አክስቴ ነጠላዋን አስተካከለች። አልተከራከሩም፣ አልዘፈኑም። የቀጣዩም ቅዳሜ እንደዚያው ሆነ። የቀዳነውን ሳዳምጠው ሁለት የማላውቃቸው ትልልቅ ሰዎች ናቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ወጥ ቤት መስኮት አጠገብ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። አባቴ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ መሰለኝ፣ «እስቲ ዝጊውና ዝም ብለን እናውራ» አላት። አክስቴ እጇን ዘርግታ አንድ ነገር ነካች። «ዘጋሁት» አለችው። እሱ ወንበሩን ወደሷ አስጠጋ፣ ወደ ኦሮምኛቸው ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ የምንጩ ነገር ተነሳ። ድምፃቸው ከፍ አለ፣ እሷ የሚመረኮዘውን በትር ከእጁ ነጥቃ ወደ አስፋልቱ ጠቆመችበት፤ እሱ ወደማያየው አቅጣጫ እየዞረ ሳቀ።

በርጩማው ላይ ያለው ስክሪን ግን አልጠፋም። ቀይ ነገር ብልጭ ድርግም ይላል፤ አሁንም እየቀዳ ነው። አክስቴ ስታው ይሁን ሆን ብላ፣ ከመስኮቱ ሆኜ መለየት አልቻልኩም። ልንገረው ብዬ ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ከዚያ መልሼ አነሳሁት፣ ሽንኩርቱን ጀመርኩ፤ እንደገና አስቀመጥኩት። እነሱ ያወራሉ።