የታወቀ ነገር ነው

በንጉሡ ዘመን፣ አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ ሽመና ክፍል ስሠራ፣ አንገቴ ላይ እንቅርት ነበረብኝ። እኔን ብዙም አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረው ሰውን ነበር። ያየኝ ሁሉ ሐኪም ይሆናል፤ አንዱ ጠበል ያዝልኛል፣ አንዱ ቅጠል፣ አንዱ ባል። ከነእንቅርቴም ቢሆን የሰፈሩ ሠርግ ያለ እኔ አይሞቅም። ዘፈኑን የማወጣው እኔ፣ የሚቀበለው ሌላው። ከበሰቃ እስከ ሳሪስ አቦ የስንት ሙሽራ ቤት በእኔ ድምፅ ደምቋል።

አባቴ ስለሞተ ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው፤ ባቡር ጣቢያ ይሠሩ ነበር። "እንቅርት ያለባትን ማን ያገባታል?" እያሉ ሲጨነቁ ኖረው በመጨረሻ ከተማ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ፈረንጁ ሐኪም ቆርጦ አወጣልኝ።

ስነቃ አንገቴ ቀሎኛል። ውሃ ልጠይቅ አፌን ብከፍት የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። "ይመለሳል" አሉኝ። ክረምቱ አለፈ፤ አልተመለሰም። የፋብሪካው አለቃዬ አጽናናኝ፤ "በዚህ ሁሉ የማሽን ጩኸት መሃል ማን ማንን ይሰማል? ምንም አልጎደለብሽም።" እግዜር ይስጠው! ሽመና ክፍል ውስጥ እውነትም የምንነጋገረው በእጅ ነበር።

ሐኪሙን እከሳለሁ ብዬ ተነሣሁ። አጎቴ "ሽማግሌ እያለ ምን ፍርድ ቤት አስኬደሽ?" ብለው የሰፈሩን አዛውንት ቤታቸው ሰበሰቡ። ሐኪሙ አልመጣም፤ በእሱ ፋንታ ያስተረጉምለት የነበረው ረዳቱ ድሬሰር ከረባት አስሮ መጣ።

"ዶክተሩ አላጠፉም" አለ። "እንቅርት ሲወጣ ድምፅ ሊሄድ እንደሚችል የታወቀ ነገር ነው። አስቀድመውም ተናግረዋል።"

"ለማን?" አልኩ በትንፋሼ።

"ለአጎትሽ።"

አጎቴን አየኋቸው። አላፈሩም፤ እንዲያውም ቀና አሉ። "ለበሽተኛ ክፉ ይነገራል እንዴ? ልቧ እንዳይሰበር ደበቅኩላት።" ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በአድናቆት ነው።

የታወቀ ነገር! ሐኪሙ ያውቃል፣ ድሬሰሩ ያውቃል፣ አጎቴ ያውቃሉ፣ ሚስታቸው ታውቃለች። እሷ ካወቀች ደግሞ እስከ ቂሊንጦ ያልሰማ የለም። ያላወቀችው ባለ አንገቷ ብቻ ናት። ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል። ቢነግሩኝ ኖሮ ከነእንቅርቴ እየዘፈንኩ እኖር ነበር።

ዋናው ሽማግሌ ጆሯቸው ከበድ ይላል። "እስቲ ልጄ፣ ያንቺንም ቃል እንስማ" ብለው መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ አደረጉ። ተነሥቼ ያለኝን ትንፋሽ ሁሉ አጠራቀምኩ።

"ወንዙ መሙላቱን እያወቁ ሳይነግሩኝ ቢያሻግሩኝ፣ ጥፋቱ የወንዙ ነው? ሐኪሙም በድሎኛል፣ አጎቴም በድለውኛል። አልታረቅም።"

"ምን አለች?" አሉ ሽማግሌው።

ሌላው ባይሰማም አጎቴ አጠገቤ ተቀምጠዋል፤ አንዲት ቃል አላመለጠቻቸውም። ዓይናቸው እንባ ሞላ። መቼም የሽማግሌም ልብ እንዳይሰበር መሆን አለበት።

"ከእግዜር የመጣ ነው፣ ይቅር ብያለሁ ነው የምትለው" አሉ።

ሁሉም ብድግ ብሎ ይመርቀኝ ጀመር። "አላልኩም! አላልኩም!" እያልኩ ጮኽኩ። ዋናው ሽማግሌ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይተው ደስ አላቸው።

"ጎሽ ልጄ" አሉኝ፤ "አሜን በይ፣ አሜን።"