የምውጠው እኔ

ብርቄ በሶዶ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ናት። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማት ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ክሊኒክ በሄዱ ቁጥር ነርሷ ለዚሁ ስለምትወስደው ኪኒን የምታስረዳው ለታላቅ ወንድሟ ለመልአኩ ነበር፤ ብርቄ እንደ ዕቃ አጠገቡ ትቀመጣለች።

አምና መልአኩ "አሁን ድነሻል፣ ይብቃሽ" ብሎ ኪኒኑን አስቆማት። በወሩ ድምፁ ተመለሰ፤ ለሚዜዎች የሰፋችውን የአምስት ቀሚስ እጅጌ በሙሉ ሰፍታ ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ በቀጠሯቸው ቀን ነርሷ እንደ ልማዷ ወደ መልአኩ ስትዞር ብርቄ ተነሥታ መሀላቸው ቆመች።

"ሲስተር፣ የምውጠው እኔ፣ የሚነገረው ለእሱ! ለምን እንደምውጠው፣ ባቆም ምን እንደምሆን ለእኔ ንገሪኝ።"

"ይገባሻል ግን?" አለች ነርሷ።

"ለእሱ ስድስት ዓመት ነግረሽው አልገባውም። እስቲ ደግሞ እኔን ሞክሪኝ!"