ደጋ የተጣለው ቀይ ጠጅ

የእናቴ ጠጅ ቀይ ነበር። ዛሬ ስኳር በጥብጠው፣ ቀለም ጨምረው «የማር ጠጅ» እያሉ ሲሸጡ ሳይ ደሜ ይፈላል። ቁጡ ነኝ፣ አልክድም። ግን የእናቴን ጠጅ ቀምሶ ይሄንን ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ካለ ምላስ የለውም ማለት ነው።

እናቴ መርሳ ላይ ጠጅ ቤት ነበራት፤ ጠጁን ግን አንድም ቀን መርሳ ጥላ አታውቅም። ማሩን እስከ ወልድያ በመኪና፣ ከዚያ በአህያ አስጭና ጉባ ላፍቶ ደጋ ወደ ታናሽ ወንድሟ ቤት ትወጣለች። አጎቴ ጓዳ ውስጥ እስከ አንገቱ መሬት የተቀበረ ጋን አላት። ጠጁን እዚያ ጥላ፣ ሁለት ወር ቆይታ ተመልሳ ትቀዳዋለች። ጎረቤቶቿ «ይቺ ሴትዮ ጤና የላትም» ይሏት ነበር። እሷ እቴ! የመርሳ ሙቀት ጠጁን ያጣድፈዋል፤ በሳምንት ፈልቶ በሳምንቱ ይኮመጥጣል። ደጋ ብርዱ ይይዘዋል። የማሩ ሽታ ሳይጠፋ ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ጉሮሮ አይፍቅም፣ ቀለሙም እየቆየ እየቀላ ይሄዳል።

ማሩ ከመርሳ አጠገብ ካለችው ከግራና ነው። የሚያመጡላት ሐጂ የምንላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሐጂ ጠጅ በከንፈራቸው ነክተው አያውቁም፤ የጠጁን ነገር ግን ከጠጪው በላይ ይከታተሉ ነበር። በመጡ ቁጥር «ደረሰ? ቀላ?» ይሏታል። እሷም ጌሾ ከመግባቱ በፊት ከማሩ አንድ ቅል ሙሉ ለይታ ታስቀምጥላቸዋለች። ሲመጡ በንጹሕ ውሃ ትበጠብጥና፣ ሳይፈላ፣ ብርዝ አድርጋ ለብቻቸው በተለየ ማሰሮ ታቀርባለች። የገዛ ማራቸውን «አልሐምዱሊላህ» እያሉ ይጠጣሉ። ልጅ ሆኜ የሐጂን ብርዝ ተደብቄ ስጎነጭ ስንቴ ተቆንጥጫለሁ!

በጦርነቱ ዓመት ሰርጌ ለጥር ተቆርጦ ነበር። እናቴ ሰኔ ላይ የሐጂን ማር ይዛ ወጣች። ለልጇ ሰርግ ሁለት ወር አይበቃም፣ እስከ ጥር ይቆያል አለች። ጠጁንም ለሐጂ የለየችውን ቅልም አጎቴ ዘንድ ትታ ተመለሰች። ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ደረሰብንና በለበስነው ልብስ ወደ ደሴ ሸሸን፤ ከደሴም አልፈን ሄድን። ሰው ቤት ወለል ላይ ተኝተን እናቴ የምታወራው ስለዚያ ጋን ብቻ ነበር። ጠጅ ቤቱ መዘረፉን ስትሰማ እንኳ «ደጋ ያለው አለኝ» አለች። እኔ እናደድ ነበር። እጮኛዬ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳላውቅ እሷ ጠጅ ትለኛለች!

መንገዱ ተከፍቶ ስንመለስ እጮኛዬ ደህና ነበር። ሐጂ ግን ቀፎዎቻቸው ተሰባብረው፣ ንቦቹ ተበትነው አገኘናቸው። «ነፍስ ተርፏል» ብለው ወሬውን ዘጉት። እኔ እንጋባና ይለቅ አልኩ። እናቴ እንቢ አለች። ያለ ጠጅ ልጄን አልድርም፣ ጠጁን ይዤ እመጣለሁ አለችና ይዛኝ ደጋ ወጣች።

አጎቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ለወትሮው ሮጦ አህያዋን ይቀበል ነበር። እናቴ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ ጓዳ ገባች። ጋኑ ባዶ ነበር፤ ደርቋል።

«እኔ ነኝ የደፋሁት፣ እቴቴ» አለ ከኋላችን። ታጣቂዎች በየቤቱ መጠጥ ሲፈልጉ ሰምቷል። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሴት ልጆች አሉት። ሰክረው ልጆቼን ቢነኩብኝ ምን አቅም አለኝ ብሎ፣ ሌሊቱን በጭልፋ እየቀዳ ማሳ ላይ አፈሰሰው።

ትጮህበታለች ብዬ ጠበቅሁ። ተንበርክካ ጭንቅላቷን ጋኑ አፍ ውስጥ አስገብታ አሸተተች። ቆየችና ቀና አለች።

«ቀልቶ ነበር?»

«ቀልቶ ነበር።»

«ቀምሰኸዋል?»

«አንድ ጭልፋ» አለና አለቀሰ። ሰው ያን ያህል ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። እኔም አለቀስኩ፤ ስለ ጠጁ ይሁን ስለ ሰርጌ አላውቅም።

ከዚያ አጎቴ የእህል ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የሐጂን ቅል አወጣ። ጠጁን ሲደፋ እሱን ቀብሮታል። የሰው አደራ ነው ብሎ ነው።

ቅሉን ይዘን ግራና ሄድን። እናቴ ሐጂ እግር ሥር አስቀመጠችውና የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ከዚያ ሁሉ ቀፎ የቀረው ማር ያ ብቻ ነበር። ሐጂ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ፣ ዘጉት፣ ወደ እሷ መልሰው ገፉት።

«ለልጅቱ ሰርግ በጥብጪው።»

«ሐጂ፣ የእርስዎ ነው እኮ። ደግሞም ብርዝ ነው የሚሆነው፣ ጠጅ አይደለም።»

«እንግዲያው እኔም እጠጣለሁ» አሉ።

እንደዚያ ተዳርኩ። ማሩ ለሰው ሁሉ እንዲዳረስ ብርዙ ከመቅጠኑ የተነሳ የእጮኛዬ ዘመዶች «ውሃውን ማን ማር አስሸተተው?» እያሉ ቀለዱብን። ክርስቲያኑም እስላሙም ከአንድ ገንቦ ተቀዳለት። ሐጂ መሃል ተቀምጠው ነበር። አጎቴ አፍሮ ጥግ ይዟል። አስጠሩትና የራሳቸውን ብርሌ በእጃቸው ሰጡት።

«ሃያ ዓመት ማር ሳመጣ ከናንተ ጋር ከአንድ ገንቦ ስጠጣ ዛሬ ገና ነው» አሉት። «ጠጣ፣ ልጄ። ሴት ልጆችህ ደህና ናቸው።»

ጠጣ።

ሐጂ አሁን የሉም። እናቴም ጠጅ መጣል ካቆመች ቆይታለች። ግን በየዓመቱ ጥር ላይ አጎቴ ሲመጣ አጠገቧ ታስቀምጠውና ያ ጠጅ እንዴት ነበር ትለዋለች። በዓለም ላይ የቀመሰው እሱ ብቻ ነው፣ ያውም አንድ ጭልፋ። አንዴም ሳይሰለች፣ ከቀለሙ ጀምሮ ይነግራታል።