ማሽላ ውስጥ የኖረው ሬዲዮ

የሞቀ አቧራ ሽታ ከሥራችሁ መሐል አስቁሟችሁ ያውቃል? እኔን ባለፈው ሳምንት አስቁሞኛል። ጎብዬ ከተማ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ስለ ሞገድ ላስረዳ ብዬ ብዙ ጊዜ ተቀምጦ የቆየ ፕሮጀክተር ሰካሁ። መብራቱ ሲግል ያ ሽታ መጣ። ጠመኔዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። «ቲቸር፣ ተቃጠለ እንዴ?» አለኝ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ። አልተቃጠለም። እኔ ግን ቆቦ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ ከአያቴ ጎተራ አጠገብ ቆሜ ነበር።

አያቴ በጉልምስናው ወደ አፋር ቆላ እየወረደ ጨው ይነግድ ነበር። ከዚያ አንድ ልማድ ይዞ ቀርቷል። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ወሬ ይለዋወጣሉ፤ አድማጩ ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ይሰማል፤ የሰማውንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ሰው ያደርሳል። በኋላ ቆቦ ላይ ሱቅ ሲከፍት ሬዲዮ ገዛ። ዜናውን እየሰማ ለገበያተኛው ሁሉ የሚያደርሰው እሱ ነበር።

እኔ በደረስኩበት ጊዜ ግን ጆሮው እየከዳው ነበር። ከስልክ የሚወጣ ድምፅ ለእሱ የትንኝ ያህል ነው። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ሲሰበሰቡ አብሮ መቀመጡን ተወ። «የማልሰማውን እያየሁ ራሴን ስነቀንቅ ልዋል? እንሽላሊት ነኝ?» ይል ነበር። አንድ ቀን እጄን ይዞ ጎተራው ድረስ ወሰደኝ።

«ያን ሣጥን አውጪልኝ። የእሱ ድምፅ ወፍራም ነው። ጆሮዬ ጨርሶ ሳይዘጋ አንዴ ልስማው።»

እኛ ዘንድ እንዲቆይ የተፈለገ እንቁላል እህል ውስጥ ይቀበራል፤ እህል ቀዝቃዛ ነው። አያቴም ሱቁን የዘጋ ጊዜ ሬዲዮውን ልክ እንደ እንቁላል ማሽላ ውስጥ ቀብሮት ኖሯል። እስከ ክንዴ ገብቼ ጎትቼ አወጣሁት። ከባድ የእንጨት ሣጥን ነው። ፊቱ ላይ የሩቅ አገር ከተሞች የተጻፉበት መስታወት አለ። የሠራው ድርጅት ስም ግን ከፊትም ከኋላም የለም።

«አባባ፣ ስሙ ማነው?» ብዬ ጆሮው ሥር ጮህኩ።

«የማን?»

«የሬዲዮው!»

«ሬዲዮ ነዋ! እኔ ክርስትና አላነሳሁት!» አለና ሳቀ፤ መስጊድ የማይቀር ሰው ነበር።

ገበያው አጠገብ ሞባይል የሚጠግነው ሰው ዘንድ ወሰድኩት። ገና ከባጃጁ ሳላወርደው፣ «ይሄማ የሬሳ ሣጥን ነው። ዶሮ አሳቅፊበት» አለኝ። አፍሬ ተመለስኩ። በማግስቱ ለፊዚክስ መምህርታችን ነገርኳቸው። እሳቸውም እንዲህ ያለ ሬዲዮ በሥዕል እንጂ በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ይህን ሲነግሩኝ ግን እንደ ልጅ ዓይናቸው በርቶ ነበር።

«አንድ ሕግ አለኝ» አሉ። «የማናውቀውን ነገር ኤሌክትሪክ አናስነካውም። መጀመሪያ ማን እንደሆነ ይንገረን።»

ቤተ ሙከራው ውስጥ የጀርባ ክዳኑን ፈታን። ማሽላ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከመስኮቱ የገባው ፀሐይ አምስት የመስታወት አምፖሎች ላይ አረፈ፤ አናታቸው ብር የተቀባ ይመስላል፣ በውስጣቸው ትንንሽ የብረት ፎቆች ቆመዋል። ቫልቭ ይባላሉ። ትራንዚስተር ሳይመጣ በፊት ደካማውን ድምፅ የሚያጎለብቱት እነዚህ ነበሩ። ከተማ ያየሁ መሰለኝ።

አቧራውን ልጠርግ የነጠላዬን ጫፍ ስዘረጋ መምህርቷ እጄን ያዙ። «ተይ! አምፖሉ ላይ ስሙ የተጻፈበት ቀለም እንደ ጥላሸት ነው፤ ከጠረግሽው ሄደ። እስቲ ተንፍሽበት።»

ተነፈስኩበት። መስታወቱ ደመነ፤ በደመናው ላይ ምንም ካልነበረበት ቦታ ፊደልና ቁጥር ብቅ አለ፦ ኢ ኤል 84። አንብበን ሳንጨርስ ጠፋ። እንደገና ተነፈስኩ፤ እንደገና መጣ። ሁለታችንም ድምፃችንን ዝቅ አደረግን። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ የተኛ ሰው ያለ መስሎን ይሆናል።

መምህርቷ ከመጽሐፍ እንዳነበቡት፣ ትልቁ ነገር ያቺ የመጀመሪያዋ ፊደል ነበረች። «ዩ» ብትሆን ኖሮ የግድግዳው ኤሌክትሪክ በቀጥታ ወደ ሬዲዮው አካል ሊደርስ ይችላል ማለት ነው፤ የነካው ሰው ይሞታል። «ኢ» ግን ለብቻው ትራንስፎርመር ያለው፣ በስድስት ቮልት አካባቢ የሚሞቅ ቤተሰብ ምልክት ናት። አምስቱም ላይ እየተነፈስን አየን። አምስቱም የአንድ ቤት ልጆች ሆነው ተገኙ። የአባታቸውን ስም ግን አልነገሩንም።

ቀሪው ትዕግሥት ነበር። ጣቢያ መፈለጊያው ውስጥ እንደ መጽሐፍ ገጽ አንዱ በአንዱ መሐል የሚገቡ ስስ ብረቶች አሉ፤ አንዲት የማሽላ ፍሬ ገብታ እንዳይዞሩ አድርጋቸዋለች። በፀጉር ማስያዣዬ አወጣኋት። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም አንድ ትልቅ ካፓሲተር አብጦ ነበር። ያ ሞባይል ጠጋኝ ከሞተ ቴሌቪዥን ፈቶ ደህና ሰጠን፤ «ለሬሳ ሣጥንሽ አበባ ይሁን» ብሎ እየሳቀ።

ስንሰካው በቀጥታ አልሰካነውም። መምህርቷ የኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ አንድ ተራ አምፖል አስገቡ። ሬዲዮው ውስጥ ብልሽት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል፤ ደህና ከሆነ ቦግ ብሎ ይደበዝዛል። ማብሪያውን አዞሩ። አምፖሉ ቦግ አለ። ከዚያ ቀስ እያለ ደበዘዘ፤ በምትኩ ቫልቮቹ አንድ በአንድ አመድ ውስጥ እንዳለ ፍም ቀሉ። የሞቀ አቧራ ሸተተ። ከሥር ከቀረችው ፍሬ ይሁን እንጃ፣ የማሽላ ቆሎም ሸተተ። ቁልፉን አዞርኩ፤ ፉጨት፣ ዓረብኛ፣ እንደገና ፉጨት፣ ከዚያ ወፍራም የሰው ድምፅ በአማርኛ ዜና ሲያነብ። መምህርቷ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

አመሻሹ ላይ ይዘነው ቤት ገባን። መምህርቷ ሣጥኑን እየዳበሱ፣ «ይሄ እንጨት ዋንዛ አይደለም እንዴ? ፈረንጅ ዋንዛ ከየት አመጣ?» አሉ። እንጨቱን እየጠቆምኩ ጥያቄውን አያቴ ጆሮ ሥር ጮህኩ።

«የመጀመሪያውንማ ምስጥ በላው» አለ ተዝናንቶ። «ይሄን የገበያው አናጢ ነው የሠራልኝ። ስሙ አሮጌው ላይ ነበር፤ አብሮ ተበላ።»

«ታዲያ ምነው አባባ ሳትነግረኝ?»

«የምስጥ ሆድ ውስጥ ያለ ስም ምን ሊያደርግልሽ?»

ሬዲዮውን አጠገቡ አድርጌ አበራሁት። ዜናው ጀመረ። የአያቴን ፊት አየሁ። ምንም የለም። ድምፁን ጨመርኩ፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። አያቴ በትሕትና ፈገግ እንዳለ ይጠብቃል።

«ገና አልጀመረም?» አለኝ።

መምህርቷ አንገታቸውን ደፉ። አያቴ የእኛን ፊት አየና ገባው። እጁን ዘርግቶ፣ የታመመ ከብት እንደሚዳብስ ሰው፣ መዳፉን የሣጥኑ ጎን ላይ አሳረፈ።

ዓይኑ ተከፈተ።

«አለ! ያ ረቢ፣ እዚህ ነው ያለው!» ሌላኛውን እጁንም ጨመረ። «ደረተ ሰፊ ነው ሰውየው። አሁን ተነፈሰ። አሁን ቀጠለ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «በይ፣ ድምፁን እኔ ይዤዋለሁ፤ ቃሉን አንቺ አምጪ። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።»

ጆሮው ሥር ተቀመጥኩና የሰማሁትን ሁሉ እየጮህኩ አደረስኩለት፤ ደጋ ላይ ስለጣለው ዝናብ፣ ስለሚጠገን መንገድ፣ ስለማላውቀው አገር ምርጫ። እንደ ልማዱ አንዴም ሳያቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ሰማ። በማግስቱ ዛፉ ሥር ሄዶ ለሽማግሌዎቹ አደረሰ።

ከዚያ ወዲህ መብራት ባለ ቁጥር አመሻሹ ላይ እንደዚያው እናደርግ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ። አያቴ ያረፈው እኔ ሳልኖር ነው። ስመለስ ሬዲዮው ቦታው ላይ ነበር። የሣጥኑ ጎን ላይ፣ ዋንዛው አንድ መዳፍ በሚያህል ቦታ ተወልውሎ ያበራል።

ዛሬ ሬዲዮው ጎብዬ፣ የተከራየሁት ቤት ውስጥ አለ። አሁንም ስሙን አላውቅም። ይህን ያነበባችሁ እንደሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ዛሬ ሬዲዮ ክፈቱ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ መዳፋችሁን ጎኑ ላይ አድርጉና ሰውየው ሲተነፍስ ጠብቁ። የሰማችሁትንም ጆሮው ለከዳው አንድ ሰው፣ ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ፣ አድርሱልኝ።