የእድሩ ሰብሳቢ ዱባይ ደርሶ የመጣበት ክረምት

በላቸው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሚስቱ ሞታለች፤ አንድ ልጁ ሶልያና ዱባይ ትኖራለች። የሰፈሩ ሰው የእድር ሰብሳቢ አድርጎ የመረጠው ደግነቱን አይቶ አልነበረም፤ ቃሉ የማይታጠፍ ሰው ስለሆነ ነው። እሱ ባለበት ስብሰባ በሰዓቱ ይጀመራል፤ ያረፈደ ቆሞ ይሰማል።

ኮሮና የገባ ዓመት ይህ ጠባዩ ለሰፈሩ ጠቀመ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ እንደታወጀ በላቸው የእድሩን ደንብ በእጁ ጻፈና ጸሐፊው ቢምረው አባዝቶ በየበሩ ለጠፈው። ድንኳን አይተከልም፤ ቀብር ላይ ከሃያ ሰው በላይ አይቆምም፤ ለቅሶ ቤት አይታደርም፤ ከሌላ ወረዳ የሚመጣ ለቀስተኛ አይገባም። ሰው አጉረመረመ፤ ግን በላቸው ራሱ ከጎረቤት ቡና መጠጣቱን ትቶ፣ ማስኩን እስከ ዓይኑ ሥር ስቦ ሲሄድ ያየ ሁሉ ዝም አለ።

በሰኔ አጋማሽ ሀይለመለኮት ሞተ። ሀይለመለኮት የታሪክ መምህር ነበር፤ ከበላቸው ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት ሠርተዋል፤ ቤታቸውን የሚለየው አንድ አጥር ነው። የገደለው ኮሮና አልነበረም፤ የቆየ ስኳር ነበረበት። ሚስቱ ብዙዬ ሲነጋ መጥታ በሩን ስታንኳኳ በላቸው ሁለት ሜትር ርቆ ቆሞ መርዶውን ሰማ። ከዚያ ወደ ውስጥ ተመልሶ የቀባሪዎቹን ስም ዝርዝር ጻፈ።

የሟች ታላቅ እህት እትየ ወለተ ኢየሱስ ከሌላ ወረዳ፣ ከይጁቤ፣ በሚኒባስ ተነሡ። ከእሳቸው ጋር አሥራ ሦስት ዘመድ ነበር። በላቸው ይህን ቀድሞ ሰምቶ፣ አስፋልቱ ወደ ሰፈሩ በሚታጠፍበት ላይ ዝናብ እየመታው ጠበቃቸው። መኪናው ሲቆም እትየ ወለተ ኢየሱስ መስኮቱን ዝቅ አደረጉት። በላቸው ገና ወጣት አስተማሪ ሳለ፣ ከሀይለመለኮት ጋር እየሄደ ቤታቸው ብዙ ጊዜ በልቷል።

“በላቸው፣ አንተ ነህ?” አሉ። ፊቱ በማስክ ስለተሸፈነ እርግጠኛ አልሆኑም።

“እኔ ነኝ እትየ። እባክዎ ከመኪናው አይውረዱ።”

“ወንድሜን ልቀብር ነው የመጣሁ።”

“ደንቡ ለሁሉም ነው። ለእኔም ቢሆን ያው ነው” አለ በላቸው።

እትየ ወለተ ኢየሱስ አልተከራከሩም። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጣል አድርገው እዚያው መኪና ውስጥ አለቀሱ። ሚኒባሱ ጭቃው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ብሎ ዞረና ወደ መጣበት ተመለሰ። በላቸው ከዚያ ቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደ። የጓደኛው ሬሳ ሲወርድ እሱ ዳር ቆሞ የሰው ብዛት ይቆጥር ነበር። አሥራ ዘጠኝ ነበሩ።

በሐምሌ ሶልያና ወንድ ልጅ ወለደች። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ አጠገቧ ከባሏ በቀር ዘመድ የለም። አባቷ ለክርስትናው እንዲመጣ ለመነችው። በላቸው እምቢ አለ። እሷ ግን በየቀኑ እየደወለች፣ ሕፃኑን በስልክ እያሳየች አባበለችው። መንገዱ ተከፍቷል፤ ባሏም በመሥሪያ ቤቱ በኩል የቢዝነስ ክላስ ቲኬት አግኝቷል። እዚያ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው እንደሌለ፣ እንዲያውም ከማርቆስ ይልቅ አውሮፕላኑ ውስጥ እንደሚጠበቅ አስረዳችው። ባሳምንቱ እሺ አላት።

መሄዱ ክልክል አልነበረም። በላቸው ይህን ለራሱ ደጋግሞ ነግሮታል። ሆኖም ለቢምረው ሲነግረው ሌላ ነገር ከአፉ ወጣ፤ ዓይኑን ሊታከም አዲስ አበባ እንደሚሄድና ሦስት ሳምንት እንደሚቆይ ተናገረ። ለብዙዬም ይህንኑ አላት። ብዙዬ ሐዘን ላይ ሆና፣ ጥቁር ልብሷን ሳታወልቅ በሶ ፈጭታ በጨርቅ ቋጥራ አመጣችለት። አዲስ አበባ ምግቡ እንዳይጎዳው ብላ ነው። ቅዱስ ማርቆስ ይከተልዎት ብላ መረቀችው።

ያን በሶ በላቸው አዲስ አበባ ድረስ ይዞት ሄደ። ደጀን ላይ መኪናው ሲቆም ፈታ አድርጎ ሊበላ ፈልጎ ነበር፤ አልበላም። አውሮፕላን ማረፊያው ደርሶ ለቢዝነስ ክላስ ተሳፋሪዎች በተለየው ማረፊያ ክፍል ሲቀመጥ፣ ቋጠሮው ከሻንጣው አፍ ወጥቶ ታየው። አጠገቡ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰዎች ነበሩ። ተነሥቶ መጸዳጃ ቤት ገባና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተው። ከላዩም ወረቀት ጣለበት።

አውሮፕላኑ ውስጥ ፊት ለፊት ሃያ አራት መቀመጫ አለ፤ የተቀመጡት አምስት ሰዎች ናቸው። አስተናጋጇ በመከላከያ ልብስ፣ በጓንትና በመነጽር ተሸፍና መጣችና በስሙ ጠራችው። ሙቅ ፎጣ ሰጠችው። መቀመጫው እንዴት እንደሚዘረጋ አሳየችው፤ ቁልፉን ሲጫነው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ተኝቶ አልጋ ሆነ። በላቸው ረጅም ሰው ነው፤ በስልሳ አራት ዓመቱ እግሩን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ የተቀመጠበት መኪና ትዝ አይለውም። ጭማቂ በብርጭቆ መጣለት። ስልኩን ለአስተናጋጇ ሰጥቶ ፎቶ አንሺኝ ያላት ራሱ ነው። ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ፣ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ፎቶውን ተነሣ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ስቦ እንደ ሕፃን ተኛ።

ከሁሉም በላይ በኋላ ያሳፈረው ይህ ነው። ሌላውን ለሰው ሊያስረዳ ይችላል። እንደተመቸው ግን ለማንም ሊያስረዳ አልቻለም።

ዱባይ ሦስት ሳምንት ቆየ። የልጅ ልጁን አቀፈ፤ ሕፃኑ ክርስትና ተነሣ፤ ማርቆስንም ሀይለመለኮትንም ረስቶ የዋለበት ቀን ብዙ ነው።

የመስከረም መጀመሪያ ላይ ሲመለስ፣ የፊቱ መጸዳጃ ቤት ተይዞ ቆየበት። አስተናጋጇ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ከኋላ ያለውን እንዲጠቀም አሳየችው። በላቸው መጋረጃውን አልፎ ቆመ። ከዳር እስከ ዳር ሰው ነው። አብዛኞቹ ከቤት ሠራተኝነት የሚመለሱ ሴቶች ናቸው፤ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው፣ አንዷ በሌላዋ ላይ ተደግፋ ተኝተዋል። በመተላለፊያው ሲያልፍ አንዲት ልጅ ቀና ብላ አየችው። ከየት እንደሆነ ጠየቀችው፤ ከማርቆስ ነኝ አላት። ልጅቷ ፊቷ በራ። እሷ ለማርቆስ ቅርብ የሆነችው የአማኑኤል ከተማ ልጅ ናት፤ ስሟ ዘመናይ ይባላል፤ ከአራት ዓመት በኋላ ወደ አገሯ መመለሷ ነው። ሽማግሌው መተላለፊያ ላይ መቆማቸውን አይታ ወደ መስኮቱ ያለችውን ጓደኛዋን ገፋ አደረገቻት።

“ቦታ አጥተው ነው አባባ? አረፍ ብለው ይቀመጡ፤ ሦስት ሆነን እንጠጋጋለን” አለችው።

“የለም ልጄ፤ እግሬን ላፍታታ ነው” አለ በላቸው።

መጸዳጃ ቤቱ ሳይገባ ተመለሰ። ከመጋረጃው ወዲህ አሥራ ዘጠኝ መቀመጫ ባዶውን ተዘርግቷል። መቀመጫውን ሊተኛበት ሞክሮ አልሆነለትም፤ ቀጥ ብሎ እንደተቀመጠ አዲስ አበባ ገባ።

አዲስ አበባ የጤና ባለሙያዎች አሥራ አራት ቀን ከቤቱ እንዳይወጣ አስፈርመውት ነበር። ማርቆስ በገባ በሦስተኛው ቀን ግን ቢምረው ደወለ። አባላቱ ለመስቀል ደመራ ምን ያህል ሰው ይውጣ እያሉ ተጨቃጭቀዋል፤ ሰብሳቢው ካልመጣ አይፈታም። በላቸው አልመጣም ቢል ለምን ይባላል፤ ዓይኑን የታከመ ሰው ቤት አይዘጋበትም። ውሸቱ ከቤት አወጣው። ስብሰባው ላይ ተገኝቶ ስለ መራራቅ አስተማረ። ሲመለስ ብዙዬ ከበሯ ላይ አገኘችውና ዓይኑ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው። ማስኳን ዝቅ አድርጋ፣ ጠጋ ብላ ዓይኑን አየችው። ትንሽ ቀላ ብሏል፤ ጭስ አይንካዎት አለችው።

ከአምስት ቀን በኋላ ብዙዬ አልጋ ላይ ዋለች። ትኩሳትና ሳል አላት። ቢምረው ጉንፋን ነው ብሎ ነገረው፤ በላቸው ግን ስልኩን ከዘጋ በኋላ ብዙዬ ጠጋ ብላ ዓይኑን ካየችበት ጀምሮ ቀኑን በጣቱ ቆጠረ። እሱ ራሱ ምንም አልተሰማውም። ይህ ደግሞ ምንም ማለት እንዳልሆነ ለእድርተኛው ስንት ጊዜ ያስተማረ እሱ ነው። ሁለት ቀን ከቤት ሳይወጣ ቆየ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ማስኩን አድርጎ ሄዶ ከብዙዬ መስኮት ውጭ ቆመ።

“ብዙዬ፣ ምርመራ ማድረግ አለብሽ” አላት። “ዓይኔን አላመመኝም። ዱባይ ነበርሁ። ያየሽኝ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ነው።”

ከውስጥ ሳል ብቻ ተሰማ። በላቸው ስለ ልጁ፣ ስለ ሕፃኑ፣ ስለ ክርስትናው ነገራት። ስለ መቀመጫውና ስለ ፎቶውም ነገራት። ስለ በሶው ግን አልነገራትም። ሲጨርስ ብዙዬ ድምፅዋን አጽድታ ተናገረች።

“እትየን ከመንገድ የመለሱብኝ ጊዜ ሰው ሁሉ ሲያማዎት፣ ዝም በሉ ያልሁ እኔ ነኝ። ለነፍሳችን ብለው ነው አልሁ።”

“ለነፍስ ብዬ ነበር” አለ በላቸው።

“እንግዲያ ለምን ዋሹኝ?”

ብዙዬ መልስ አልጠበቀችም። የበደሉኝን ይቅር ብያለሁ፤ እትየን የበደሉትን ግን ይቅር ማለት የእኔ አይደለም ብላ መስኮቱን ዘጋችው።

ሁለቱም ተመረመሩ። ውጤቱ እስኪመጣ ያሉትን ቀናት በላቸው እህል በአግባቡ አልቀመሰም። ሁለቱም ነፃ ሆኑ፤ የብዙዬ ጉንፋን ነበር። በላቸው አሥራ አራት ቀኑን ሲጨርስ እድርተኛውን ሰብስቦ የሆነውን ተናገረና ሰብሳቢነቱን መልቀቁን አሳወቀ። ይሰድቡኛል ብሎ ነበር የተዘጋጀው። የሆነው ግን ሌላ ነው። አንዱ አውሮፕላኑ ላይ ምን አበሉህ ብሎ ጠየቀው። ሌላው ፎቶውን ካላሳየኸን አለ። ሰብሳቢያችን እንደ ሚኒስትር ተኝቶ ሄደ ብለው ሳቁ፤ አንዳንዱም እውነትም ኮርቶበት ነበር። በላቸውን ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ይጁቤ የሄደው በኅዳር፣ አዋጁ ከተነሣና ስንዴው መታጨድ ከጀመረ በኋላ ነው። እትየ ወለተ ኢየሱስ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። በላቸው ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል አልከለከሉትም። ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገራቸው። አሁን በሶውንም ጨምሮ ነው። እሳቸው ማሳውን እያዩ ሰሙት። ሲጨርስ ወደ እሱ ዞሩ።

“ስንት ዓመት ነው ከወንድሜ ጋር የኖራችሁ?” አሉት።

“ሠላሳ አንድ።”

“ያን ቀን አልቅሰህለታል?”

በላቸው አሰበ። “ሰው ስቆጥር ነበር” አለ።

“እንግዲያ አንተም ሳትቀብረው ቀረህ” አሉ እትየ ወለተ ኢየሱስ።

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የወንድማቸውን ስም ጠርተው ማልቀስ ጀመሩ። በደከመ ድምፅ ነው፤ የሀይለመለኮትን የልጅነት ስም፣ አጎንብሶ አረማመዱን፣ ጠመኔ የማይለየው ጣቱን እያነሡ አለቀሱ። ጠመኔውን ሲያነሡ በላቸው ሊቋቋመው አልቻለም። ማስኩ በእንባ ስለራሰ አውልቆ ያዘው። ሲበቃቸው እትየ ወለተ ኢየሱስ የልጃቸውን ሚስት ወለላን ጠርተው ምሳ እንድታቀርብ አዘዙ። አብረው በሉ። ስለ አዝመራውና ስለ ብዙዬ ጤና አወሩ። አውሮፕላኑን የሚመለከት አንዲት ጥያቄ አልጠየቁትም።

ሲነሣ እስከ አጥሩ በር ሸኙት። በላቸው ይቅር ብለውኛል ወይ ብሎ ሊጠይቅ አፉን ከፍቶ ነበር፤ አፈረና ተወው። እሳቸውም አላሉትም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለሀይለመለኮት መታሰቢያ ይጁቤ ይሄዳል። እትየ ወለተ ኢየሱስ ያበሉታል፤ ልጁንና የልጅ ልጁን ይጠይቁታል። ያቺን የይቅርታ ቃል እስከ ዛሬ አላሏትም፤ እሱም አልጠየቀም።