የጓደኛዬ ስክሪን የተነቀለ ዕለት

አራት ነበርን። ኃላፊያችን በሩ ላይ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ቴክኒሻን ቁም ሣጥን ከሚያህለው ማሽን ኋላ፣ የንብረት ክፍሉ ሰው መስኮቱ ሥር፣ እኔ ከወንበሬ አጠገብ። ሁለተኛው ወንበር ባዶ ነበር። የሞጣ ነጋዴ ልጅ የሆነችው ባልደረባዬ ታማ ከተኛች ሰንብታለች።

ዛሬ ሰው ሁሉ የራሱን ኮምፒውተር በኪሱ ይዞ ይዞራል። ያኔ ሞጣ ባለው መሥሪያ ቤታችን አንድ ማሽን ብቻ ነበር፤ ሁለት ስክሪን ተቀጥሎበት ለሁለታችንም ተራ በተራ ይሠራል። እሷ ስትጽፍ የእኔ ፊደል ዘግይቶ ይወጣል። አንዳችን ፕሪንት ስናደርግ ደግሞ የሌላችን ስክሪን ጭራሽ ድርቅ ይላል። በዚያ መሃል የነኩት ቁልፍ የጠፋ ይመስላል እንጂ አይጠፋም፤ ማሽኑ ሲመለስ ሁሉም ተግተልትሎ ይወጣና ሥራውን ያበላሻል። ስለዚህ አስቀድሞ መጣራት ልማዳችን ሆነ።

«አንቺ የቢቸና ልጅ፣ እጅሽን አንሺ! ፕሪንት ላደርግ ነው።»

«የሞጣ ነጋዴ መቼ ተራ ጠብቆ ያውቃል?» እላታለሁ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ።

«ቅኔሽን ለቢቸና አቆዪው!»

እሷ ከተኛች ወዲህ ማሽኑ ፈጠነ። ጣቴን ሳላነሳ ፊደሉ ይወጣል። ቢሆንም ፕሪንት ከማድረጌ በፊት አንዳንዴ «እጅሽን አንሺ» ብዬ እጣራ ነበር።

የዚያን ዕለት ቴክኒሻኑ ማሽኑ እንዲህ ከቀለለው የእሷ ስክሪን ለምን አይነቀልም አለ።

«ስትመለስ ምን ላይ ትሠራለች?» አልኩ።

ኃላፊው ወለል ወለሉን አዩ። «ትመለሳለች ብለሽ ነው?»

«ቦታዬን ጠብቂልኝ ብላኛለች።»

ኃላፊው በእጃቸው ምልክት ሰጡ። የንብረት ክፍሉ ሰው ገመዱን ጠቀለለና ስክሪኑን ተሸክሞ ሄደ።

«ሞክሪው እስቲ፣ እህቴ» አለኝ ቴክኒሻኑ። «አሁን ፈረስ ነው።»

ሞከርኩት። እውነቱን ነበር።

ከሥራ ስወጣ ቤቷ ሄድኩ። እናቷ አስገቡኝ። ጓደኛዬ ተኝታለች፤ ትንፋሿ አጥሯል።

«ያ ማሽን ያለ እኔ ሳይፈነጭብሽ አልቀረም» አለችኝ።

«ምን ይፈነጫል! እንደ ድሮው ነው።»

«ስክሪኔስ?»

«ቦታው ላይ ነው።»

ዓይኗን ጨፈነች። ብርድ ልብሷን እስከ ትከሻዋ ሳብኩላት። ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።